የምድር ቤት ስንቅ

እንድሪስ ዓይኑን ሲገልጥ ከፊቱ ቢጫ ብርሃን አየ። የወደብ ፀሐይ መሰለው።

"ደረስን?" ብሎ ጠየቀ።

"ደርሰሃል፤ አብሽር፣ ደርሰሃል" አሉት አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ።

ድምፁን ሲሰማ የት እንዳለ ገባው። አባ ሙሄ ስድሳን የዘለሉ፣ ጢማቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን የአምስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። ሰው ሁሉ እንደ ሕፃን የሚናገርበት ቦታ እንድሪስ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። ፀሐይ የመሰለችውም ከአልጋው በላይ የተሰቀለችው አምፖል ነበረች። ሊወጣ ተሳፍሮ ወደዚችው አልጋ ሲመለስ ይህ ሦስተኛው ነው። ፊቱን ወደ ብረቱ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። አባ ሙሄ እንዳላዩ ሆነው ሻዩን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ይገለብጡ ነበር።

ቦታው በውል ላይ ረጅም ስም አለው፤ ሠራተኞቹ ግን ምድር ቤት ይሉታል። ከቀይ ባሕር ወለል ላይ፣ ከውሃው ፊት ስድስት መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ የተተከለ የብረት መኖሪያ ነው። ቤት የሚጠርግ፣ ሕፃን የሚያባብል፣ ሽማግሌ የሚያጥብ ማሽን በየቤቱ ከገባ ወዲህ ዓረብ አገር የሰው ጉልበት መፈለጉን ተወ። ከባሕሩ ሥር ያለው መዳብ የተሸከመ ትኩስ ጭቃ ግን የላኩበትን ማሽን ሁሉ እየበላ አስቸገረ። ሰው ቶሎ አይዝግም። ደላሎቹም ወደ ማዶ የሚያሳዩበትን ጣት ወደ ታች አደረጉት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ዋና ገብታ ሞተች እንደሚባለው፣ እንድሪስም ከአገሩ ከሐርቡ የወጣው፣ ጎረቤቱ ፎቅ ሠራ ሲባል ሰምቶ ነው። ዋና እንኳ አይችልም።

ምድር ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ፉጨት ነው። አየሩ በግፊቱ ስለሚወፍር ከንፈር ቢሾልም ድምፅ አይወጣም። ከዚያ የሚንተከተክ ሻይ ነው፤ እጅ የሚልጥ ውሃ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ጸጥ ብሎ ይተኛል እንጂ አይፈላም። የሚተነፍሱት አብዛኛው ሂሊየም ስለሆነ ገላ ቶሎ ይበርደዋል፣ ድምፅም ይቀጥናል። ላይ ካለ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ድምፅ የሚያቃና መሣሪያ አለ፤ እሱ ደግሞ የሁሉንም ሰው ድምፅ አንድ ዓይነት፣ የጎልማሳ፣ የተረጋጋ ድምፅ ያደርገዋል። የእንድሪስ ሚስት ሰዓዳ መጀመሪያ የሰማችው ጊዜ "ዜና አንባቢ ሆንክብኝ" ብላ ስቃ ነበር።

ከሁሉም የሚከፋው ብርኩ ነው። እዚያ ጥልቀት ላይ የባሕሩ ክብደት ነርቭን ይነዘንዛል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርስ ይንገጫገጫል፣ ማንኪያ አፍ ጋ ሳይደርስ ይደፋል። ለዚህ ድርጅቱ ጧት ጧት በትንሽ ብልቃጥ ማርከሻ ያድላል። ማርከሻው ከማደንዘዣ ወገን ነው፤ ላይ ቢሆን አንዷ ብልቃጥ አንድ ወይፈን ታስተኛለች። ታች ግን ግፊቱ እንቅልፉን ይገፋዋል፣ እንቅልፉ ብርኩን ይገፋዋል። ሁለቱ እንደ ሁለት ሰካራም ተደጋግፈው ሲቆሙ፣ በመሀላቸው ያለው ሰው ጤነኛ ሆኖ ይውላል።

ችግሩ ሲወጡ ነው። መውጫው ሁለት ሰው የምትይዝ ክብ ብረት ናት፤ እንቁላሉ ይሏታል። ደምና ሥጋ ግፊቱን ቀስ በቀስ እንዲለምደው መንገዱ ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈጃል። እንቁላሉ ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ገላ ውስጥ የሰነበተው ማርከሻ ግን እዚያው ነው። አንደኛው ሰካራም ሲሄድ ሌላው ሰውየውን ይዞ ይወድቃል፤ እንቅልፍ ይጥለዋል። ቀደም ሲል ተኝቶ የወጣ አንድ ሰው ወደቡ ላይ ትንፋሹ ቆሞ ቀረ። ከዚያ በኋላ ደንብ ወጣ፤ እንቁላሉ ውስጥ ተኝቶ አልነቃ ያለ ሰው እስኪነቃ ድረስ መልሶ ይወርዳል። ግፊት ያልቀሰቀሰው ሰው እስካሁን አልታየም። መሀል መንገድ ላይ አቁሞ ማርከሻው እስኪጠራ መጠበቅ አይቻልም ወይ የሚል ጠያቂ አልጠፋም። እንቁላሉ አንድ ነው፣ ታች ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው ይባላል። መልሱ ሁልጊዜ በትሕትና ነው የሚሰጠው።

በማግስቱ ዶክተር ፀዳለ ከወደቡ በስክሪን ጠራችው። የወጪዎችን ጤና የምትከታተል፣ ፊቷ ላይ ድካም የማይለያት ሴት ናት።

"እንኳን ነቃህ እንድሪስ።"

"የት ነው የተኛሁት?"

"ግማሽ መንገድ ላይ። እንደ በፊቱ።"

"ማርከሻ አልነካሁም ዶክተር። ወላሂ አልነካሁም። ከመውጣቴ በፊት ዐሥር ቀን አቁም አሉኝ፣ ዐሥር ቀን ስንቀጠቀጥ ከረምኩ።"

"ደምህ እንደዚያ አይልም።"

"እንግዲያ ደሜ ቀጣፊ ነው።"

ዶክተር ፀዳለ አልተቆጣችም። "አንድ ሙከራ ቀርቶሃል" አለችው። "ከአራተኛው በኋላ ነዋሪ ተብለህ ትመዘገባለህ። እኔ የማደርገው ነገር የለም፤ ደንቡ ነው።"

ነዋሪ ማለት አልጋው በመጋረጃ የሚከለልለት፣ ምግቡ የሚሻሻልለት፣ የመውጫ ተራ ግን የማይያዝለት ሰው ነው። አባ ሙሄ ነዋሪ ናቸው። ከእሳቸው ጋር የወረዱት ሁሉ ወጥተው ልጅ ድረዋል።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የቤተሰብ ሰዓት ነው። እንድሪስ ሲወርድ ሰዓዳ እርጉዝ ነበረች፤ የተወለደችው ሀያት አሁን የፊት ጥርሷ ወልቋል። አባቷን ከስክሪን ውጭ አይታው አታውቅም።

"አባዬ፣ ዛሬም ተኛህ?"

"ተኛሁ የኔ ዓለም።"

"እንቅልፋም ነህ አንተ። እኔ መኪና ላይ አልተኛም።"

"ጎበዝ ነሻ።"

"በሚቀጥለው እንዳትተኛ እሺ? ሲመጣብህ ዘፈን ዝፈን።"

ሰዓዳ ልጅቱን ወደ ጎን አድርጋ ቀረበች። "ለአረፋ?" አለች።

"ኢንሻአላህ" አላት። ስክሪኑ ሲጠፋ መስታወቱ ላይ የቀረው የራሱ ፊት ነበር፤ አስጠላው።

የአራተኛው ሙከራ ቀን ሲቃረብ እንድሪስ ማርከሻውን አቆመ። ብልቃጡ ላቆመውም ላላቆመውም እኩል ይታደላል፤ የተሰጠን መድፋት ግን አልሆነለትም፤ ሲሳይ አይደፋም ተብሎ ነው ያደገው። ከፊት ለፊቱ አልጋ የሚተኛው ጥላዬ፣ ከደብረ ኤልያስ የመጣ ብየዳ ሠራተኛ፣ ብርኩ የጠናበት ሰው ነበር። መበየጃውን ሲይዝ እጁ ስለማይረጋ ሁለቴ ጣቱን አቃጥሏል። የመውጫ ተራው ገና በሚመጣው ዓመት ነው። እንድሪስ ጧት ጧት ብልቃጡን ለእሱ መስጠት ጀመረ። ጥላዬም የራሱን ጠጥቶ የእንድሪስን ይደግምበታል። በሦስተኛው ቀን እጁ እንደ ድንጋይ ረጋ፤ "እግዜር ይስጥህ፣ ሰው አደረግኸኝ" አለው። ብርክ ለያዘው ሰው እንዲህ ያለ ምርቃት መስማት ደስ ይላል። እንድሪስም ደስ አለው።

አባ ሙሄ እንደ ወትሯቸው ሻይ ያመላልሱለታል። ጧትና ማታ፣ ስኳሩ የበዛ፣ በፎጣ የተጠቀለለ። ሊሄድ ሲልም በትልቅ ፔርሙዝ ሞልተው ይሰጡታል። ሦስቱንም ጊዜ እንዲህ ነው የሸኙት።

ባቆመ በአምስተኛው ቀን ሽማግሌው ሻዩን ሲያቀብሉት ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ተንጫጫ። እንድሪስ እጃቸውን አየ። ይንቀጠቀጣል። አባ ሙሄ ማርከሻ የሚያቆሙበት ምክንያት የለም፤ ነዋሪ ናቸው፣ የትም አይሄዱም። ድሮም ሊሄድ ሲል እጃቸው እንዲህ ይሆን እንደነበር ትዝ አለው። ያኔ ኀዘን መስሎት ነበር።

"አባ ሙሄ፣ ማርከሻዎን ጠጥተዋል?"

"ጠጥቻለሁ።"

"እጅዎ እንደዚያ አይልም።"

 እንድሪስ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠና ጠበቀ።

"ሰው መንገደኛን ባዶውን ይሸኛል?" አሉ በመጨረሻ። "እንዲህ እየተንዘረዘርክ፣ ያን ሁሉ መንገድ ብቻህን? አባትህ ቢሆኑስ ዝም ይላሉ? ምን ስንቅ አለኝ እኔ እዚህ፣ ጭብጦ የለ፣ ቆሎ የለ። ያለኝ ብልቃጥ ነው።"

"በሻዩ?"

"በሻዩ። ለመንገድም በፔርሙዙ፤ አጠራቅሜ።"

"ማርከሻው ነው የሚያስተኛው ተብለን የለም ወይ?"

"የሐኪም ወሬ ነው አልኩ። እኔ ስንት ዘመን ስጠጣው አንድ ቀን አላስተኛኝም።"

እንድሪስ ሊጮህባቸው ነበር፤ ተወው። ሽማግሌው የተናገሩት እውነት ነው፤ ምድር ቤት ውስጥ ማርከሻ ያስተኛው ሰው ማንም አላየም። እሱ ራሱ ደሙን ቀጣፊ ከማለት በቀር ሻዩን አልጠረጠረም። ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣበት፤ ሽማግሌው ሳያውቁት እንዲቀርላቸው ፈልገው ቢሆንስ? አባ ሙሄም ይህንኑ ሳያስቡት የቀሩ አይመስልም፤ ቀና ብለው አላዩትም።

"ሦስት ጊዜ" አለ እንድሪስ።

"አላህ ይማረኝ" አሉ አባ ሙሄ። "ከፈለግህ ፊቴን አላሳይህም። ስትሄድ መጋረጃዬን እዘጋለሁ።"

እንድሪስ ሻዩን አንሥቶ ማጠቢያው ውስጥ ደፋው። በምድር ቤት ኑሮው የተሰጠውን ሲደፋ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወዲያ ብርኩ ያለ ምንም ማስታገሻ መጣበት፤ ምላሱን ነከሰ፣ ከአልጋው ወደቀ። መጋረጃቸውን እዘጋለሁ ያሉት ሽማግሌ መጥተው በገዛ ሽርጣቸው ከአልጋው ጋር አሰሩት፤ ራስጌው ተቀምጠው ዱዓ ሲያደርጉ ዋሉ። እንድሪስ አላባረራቸውም። ሻይ ግን ከእጃቸው አልተቀበለም።

ሊነሡ ሦስት ቀን ሲቀር አብሮት የሚወጣው ሰው ጆሮው አበጠ። ጆሮ ያበጠው ሰው ግፊት መቀየር አይችልም። በምትኩ ዝግጁ የሆነ ሰው ተፈለገና ጥላዬ ተጠራ። የመጀመሪያ ወጪ ስለሆነ ገላው ማርከሻውን ብዙ አልጠገበም፣ ሦስት ቀን ማቆም ይበቃዋል ተባለ። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ በቀን አንድ ብልቃጥ ለሚጠጣ ሰው። ጥላዬ ሁለት ይጠጣ እንደነበር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በደስታ አብዶ ዕቃውን እየሸከፈ ነው። ሌላው ሁሉን ያውቃል።

እንድሪስ ለዶክተሯ ሊነግራት ወደ ስክሪኑ ሄዶ ነበር። ግን እንቁላሉ ለአንድ ሰው አይነሣም። ጥላዬ ከቀረ ሌላ ሰው እስኪዘጋጅ አረፋ ያልፋል። ምናልባት ምንም አይሆንም፣ ወጣት ነው፣ ደሙ ይጠራል አለ በልቡ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም ብሎ ተመለሰ።

አባ ሙሄ እስከ በሩ ሸኙት። ባዶ እጃቸውን ገልብጠው አሳዩት፤ "ስንቅህ ይኸው ነው" አሉት። ተቃቅፈው ተለያዩ።

እንቁላሉ ውስጥ ቀንና ሌሊት አይለይም። የወደቡ ተቆጣጣሪ በየጥቂት ሰዓቱ ይጠራል፤ "አንድ?" ሲል እንድሪስ "አለሁ" ይላል፤ "ሁለት?" ሲል ጥላዬ። የተቆጣጣሪው ካሜራ በእንፋሎት ይጋረዳል፤ ደረት ላይ የሚለጠፈው የልብ ምት መቁጠሪያም የደከመውን ሰው እንቅልፍና የማደንዘዣን እንቅልፍ አይለይም። ድርጅቱ የሚያምነው ድምፅን ነው።

"እስከዚህ ያደረሰኝ ያንተ ብልቃጥ ነው" አለው ጥላዬ በመጀመሪያው ቀን። "አልረሳውም።"

"ተወው" አለ እንድሪስ።

ወደ ላይ እየቀረቡ ሲሄዱ የእንድሪስ ብርክ ለቀቀው። ድምፁ መወፈር ጀመረ። ሦስት ጊዜ የተኛበትን ቦታ የሀያትን ምክር ሰምቶ እየዘፈነ አለፈው፤ ዓይኑ አልተከደነም። ከንፈሩን አሹሎ ነፋ። ከብዙ ዓመት በኋላ ቀጭን፣ የደከመች ፉጨት ወጣች። እንደ ሞኝ ደጋግሞ አፏጨ፤ ጥላዬም ሳቀ። ከዚያ ጥላዬ ዳቦውን እያኘከ ግድግዳውን ተደግፎ ዝም አለ። እንድሪስ ጠራው። ትከሻውን ነቀነቀው። ዳቦውን በጣቱ ከአፉ አወጣለት፤ አልነቃም።

"አንድ?" አለ ተቆጣጣሪው።

"አለሁ።"

"ሁለት?"

እንድሪስ ጥላዬን አየ፤ በሩን አየ፤ ከበሩ በላይ የጥልቀቱን ቁጥር አየ። ድምፅ የሚያቃናው መሣሪያ ለሁሉም አንድ ድምፅ ነው የሚሰጠው።

"አለሁ" አለ።

ቀላል ነበር። እንዲህ ቀላል መሆኑ አስፈራው። በሚቀጥለውም ጥሪ መለሰለት፣ በማግስቱም። በጎኑ አስተኝቶ ጉሮሮው እንዳይዘጋ አገጩን ያቀናለታል፤ እግሩን ይመታዋል፤ ፊቱ ላይ ውሃ ያፈስበታል። እንቁላሉ ከፍ ባለ ቁጥር የጥላዬ ትንፋሽ ይረዝማል፤ ከአንዱ ትንፋሽ እስከ ሌላው ያለው ዝምታ ይሰፋል። እንድሪስ በዚያ ዝምታ ውስጥ የራሱንም ትንፋሽ ይይዝ ጀመር። ይደርሳል፣ ወደብ ላይ ሐኪም አለ ይላል። ደግሞ ወደብ ላይ ትንፋሹ የቆመው ሰው ትዝ ይለዋል፤ ያኔም ሐኪም ነበረ።

ዓርብ ሆነና በቤተሰብ ሰዓት የእንቁላሉ ስክሪን በራ።

"አባዬ፣ አልተኛህም!"

"አልተኛሁም።"

"ዘፈንክ?"

"ዘፈንኩ። አፏጨሁም። ስሚ።" አፏጨላት። ሀያት እጇን አጨበጨበች፤ ከኋላዋ ሰዓዳ ሻሿን ዓይኗ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። እንድሪስ በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ደስ ብሎት አያውቅም።

"እዚያ ጋ ማነው?" አለች ሀያት አንገቷን ዘንበል አድርጋ።

"ጓደኛዬ ነው። ጥላዬ ይባላል።"

"ተኝቷል?"

"አዎ።"

"ቀስቅሰው ታዲያ።"

እንድሪስ ወደ ጥላዬ ዞረ። ጥላዬን የሚቀሰቅሰው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከበታቻቸው ነው ያለው። ልጅቱ ግን ትጠብቃለች፤ የፊት ጥርስ በሌለው አፏ እየሳቀች፣ አባቷ የተኛ ሰው መቀስቀስ የሚያቅተው ሰው እንዳልሆነ እርግጠኛ ሆና።

"እሺ" አላት። "እቀሰቅሰዋለሁ። ሰዓዳ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።" ሰዓዳ ስለ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ስክሪኑ ጠፋ።

የጥሪውን ቁልፍ ተጫነ። የመለሰችለት ዶክተር ፀዳለ ነበረች።

"ሁለት ተኝቷል" አላት። "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።"

"ከትናንት ወዲያ? ሲመልስ ነበር እኮ።"

"እኔ ነኝ ስመልስ የነበርኩ። ሁለት ሁለት ብልቃጥ ይጠጣ ነበር፤ ሁለተኛውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ትንፋሹ እየራቀ ነው።"

ዶክተሯ መዝገቡን አየች። "እንድሪስ፣ ይህ አራተኛህ ነው። አንተ ነቅተህም ቢሆን እንቁላሉ ከተመለሰ ሙከራው ይቆጠርብሃል። ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"እኔ ይህን አልሰማሁም ማለት አልችልም።"

"እንዲሰሙልኝ ነው የደወልኩት፤ ያውርዱን።"

እንድሪስ ሦስት ጊዜ ሲወርድ ተኝቶ ነበር። አሁን ግን ቁጥሩ ሲጨምር ቁጭ ብሎ አየ። ጆሮው ተደፈነ፣ ተከፈተ። ፉጨቱን ሞከረ፤ መጀመሪያ ቀጠነች፣ ከዚያ አየር ብቻ ሆነች። እየቆየ ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ጥላዬ መተንፈሱን ግን በየመሀሉ ይሰማል፤ ወደ ታች በሄዱ ቁጥር ትንፋሹ እየተቀራረበ፣ ፊቱ እየቀላ መጣ። ለዚህ ምስጋና ሊያደርስ ፈለገ፤ አልሐምዱሊላህ ሲል የወጣው ድምፅ የሕፃን ድምፅ ነበር።

በሩ ሲከፈት አባ ሙሄ ቆመዋል። ዜናው መንገደኞቹን ቀድሞ ደርሷል። ብርጭቆ ሻይ ዘረጉለት። የሁለቱም እጅ እየተንቀጠቀጠ ግማሹ ፈሰሰ። እንድሪስ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይጠይቅ እስከ መጨረሻው ጠጣው።

ጥላዬን ተጋግዘው አልጋው ላይ አስተኙት። ሲነቃ ዓይኑ ከበላዩ ያለችው ቢጫ አምፖል ላይ አረፈና ፊቱ በራ።

"ደረስን?" አለ።

እንድሪስ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ አለበሰው።

"ደርሰሃል" አለው። "አብሽር፣ ደርሰሃል።"